የእንሰት አጠውልግና የጥቅስ ብዛት፦ ተረትና እውነታ

«ጥናቱ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል፤ እንግዲያው ብዙ ጠቅሟል።» ይህ እምነት በምርምር ዓለም ሥር የሰደደ ነው። የተመራማሪው የደረጃ ዕድገት ሲታሰብ የታተሙ ጽሑፎቹና የተጠቀሱበት ብዛት ይቆጠራሉ። የወላይታን ጓሮ የሚያራቁተው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል።

በ1968 (እ.ኤ.አ.) ዳኛቸው ይርጉ የተባሉ ተመራማሪ፣ በእንግሊዝ አገር ኪው ይሠሩ ከነበሩት ጆን ብራድቡሪ ጋር ሆነው «ፋይቶፓቶሎጂ» በተባለው መጽሔት ላይ የሁለት ገጽ ጽሑፍ አወጡ። እንሰትን የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ ለይተው «ዛንቶሞናስ ሙሳሲያረም» የሚል ስም ሰጡት። በ1974 ደግሞ ያው ባክቴሪያ ሙዝንም እንደሚይዝ በሌላ አጭር ጽሑፍ አሳወቁ። እንሰትን ዋና ምግቡ ያደረገ ሕዝብ ያለው በኢትዮጵያ ብቻ ስለሆነ በውጭው ዓለም የሚከታተለው ሰው ጥቂት ነበር። በ2001 በሽታው በዑጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ላይ ታየ፤ ወደ ጎረቤት አገሮችም ተዛመተ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሙዝ አጠውልግ የሚጽፍ ሰው እነዚያን ገጾች ሳይጠቅስ ማለፍ አልቻለም። ጽሑፎቹ ያው የቀድሞዎቹ ናቸው፤ የበዛው አንባቢው ነው።

ስለዚህ «ያልተጠቀሰ ጥናት ደካማ ነው» የሚለውም አያስኬድም።

የጓሮውን ጉዳይ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የታመመ እንሰት መጀመሪያ የመሐለኛው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል። የቅጠሉ እግር ሲቆረጥ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ያዣል። በዚያው ቢላ ጤነኛው ከተነካ በሽታው ተሻገረ ማለት ነው። ቢላውን በእሳት መለብለብ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ጤነኛ ችግኝ መትከል፦ እንሰት ለምትፍቅ የወላይታ እናት ከዚህ የሚበልጥ ዕውቀት የለም። የልማት ሠራተኛው ይህንን በወላይትኛ ሲያስረዳ ግን የትኛውም የጥቅስ መዝገብ አይቆጥርለትም።

ገበሬውም ጋ የሚነገር ተረት አለ፦ «ማዚያ የተባለው እንሰት አይታመምም።» ማዚያ በሙከራዎች ከብዙዎቹ የተሻለ ቻይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይሁን እንጂ ሙሉ በሙሉ የማይበገር የእንሰት ዓይነት እስካሁን አልተገኘም። በወላይታ ዞን የሚገኘው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከ600 በላይ የእንሰት ናሙናዎችን ሰብስቦ መያዙ ለዚህ ፍለጋ ትልቅ ሀብት ነው።

«ተክል እንደ ሰው ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል» የሚሉም አሉ። ተክል ፀረ እንግዳ አካልም፣ በደም የሚዘዋወር ተከላካይ ሕዋስም የለውም። እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን ይጠብቃል፤ ላዩ ላይ ያሉት ተቀባዮች የጀርሙን ምልክት ያነባሉ፣ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ደግሞ ጀርሙ አስርጎ የሚያስገባውን መሣሪያ ይለያሉ። ጆናታን ጆንስና ጄፍሪ ዳንግል ይህን በ2006 «ኔቸር» ላይ አሰባስበው ያቀረቡበት ጽሑፍ ከ10,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ይገባዋል። ነገር ግን የመስኩ ዕውቀት በአብዛኛው የተገኘው አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ አረም ላይ ሲሆን፣ እሷን የሚያጠኑ ቤተ ሙከራዎች በመላው ዓለም አሉ። እንሰትን የሚያጠኑት ጥቂት ናቸው። የሁለቱን ተክሎች ተመራማሪዎች በጥቅስ ብዛት ማወዳደር ስለ ሥራቸው ጥራት የሚነግረን የለም።

መሠረታዊው ሳይንስ አይጠቅምም ማለት ግን አይደለም፤ ከጣፋጭ ቃሪያ ከተወሰዱ ሁለት ጂኖች አንዱ የገባበት ሙዝ በዑጋንዳ የመስክ ሙከራ አጠውልግን ተቋቁሟል።

ወደ ጥቅስ ቆጠራው ስንመለስ፣ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያወጡት ኤች ኢንዴክስ የተባለው መለኪያም ብቻውን ስለ ሥራ ጥራት አይነግረንም። ኤች ኢንዴክሱ 10 የሆነ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች አሉት። ሂርሽ ራሳቸው ቁጥሩ ከመስክ ወደ መስክ እንደሚለያይ አመልክተዋል።

የኢትዮጵያውያን ስም ደግሞ በጥቅስ ቆጠራ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። የውጭ መዝገቦች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚይዙ የዳኛቸው ሥራ የሚጠቀሰው በአባታቸው ስም፣ «ይርጉ እና ብራድቡሪ» ተብሎ ነው። አንዱ መጽሔት በአባት፣ ሌላው በአያት ስም ሲያትም የአንድ ሰው ሥራ ለሁለት ይከፈላል፤ ስመ ሞክሼዎችም ይደባለቃሉ። ከ2012 ጀምሮ የሚሠራው ኦርሲድ የተባለ መለያ ቁጥር ይህን ለማስተካከል ይረዳል፤ ምዝገባውም በነጻ ነው።