ቆርቆሮ ለምን ዝርግ አልሆነም?

ባለፈው ሳምንት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ምንም አላስተማርኩም። የጎረቤት ክፍል መምህሯ የተረዳችው እንደዚያ ነው። ጩኸቱ ሲበዛባት በሩን ከፈት አድርጋ «መምህር የለም እንዴ?» አለች። ነበርኩ። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ ስልሳ ሦስት የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ መጽሐፍ ደርድረው፣ ወረቀት እያጠፉ፣ ሳንቲም እየቆጠሩ ይከራከራሉ።

ሥራው ቀላል ነበር። ለየቡድኑ አንድ የኤ ፎር ወረቀት ሰጠሁ። ሁለት የመጽሐፍ ክምር በ20 ሳንቲ ሜትር አራርቃችሁ በወረቀቱ ድልድይ ሥሩ፣ ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ደርድሩ፣ ብዙ የተሸከመ ያሸንፋል። ማስቲሽ የለም፣ ፕላስተር የለም፣ ሁለተኛ ወረቀት ደግሞ ጭራሽ የለም። ሳንቲሙን ጠዋት ከታክሲ ረዳት የዘረዘርኩት ነው። (ማታ ስቆጥረው ሦስት ጎድሏል። ለሳይንስ የተከፈለ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።)

መጀመሪያ ሁሉም ያደረጉት አንድ ዓይነት ነው፤ ወረቀቱን ዝርግ አድርገው አጋደሙት። ሁለተኛው ሳንቲም ላይ ሸብረክ ብሎ ወደቀ። ከዚያ ለሁለት፣ ለአራት አጥፈው አወፈሩት፤ ትንሽ ተሻለ። አንዱ ቡድን ጠቅልሎ ቧንቧ አደረገው። ቧንቧው ጠንካራ ነበር፤ ሳንቲሙ ግን እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ተበተነና ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሁለት ቡድኖች ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ምንም ሳይሞክሩ የሌላውን ለመኮረጅ ነበር የሚጠብቁት።

መጨረሻ ረድፍ የምትቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ አለች። ወረቀቱን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እያጠፈች እንደ ማራገቢያ ሸነሸነችውና መጽሐፎቹ ላይ አስቀመጠችው። አሥር ሳንቲም ያዘ። ሃያ ያዘ። ሠላሳ ላይ ሌሎቹ ሥራቸውን ትተው ከበቧት። የወደቀው አርባ አንደኛው ላይ ነው።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

በጣቷ ወደ ላይ አሳየችኝ። «እንደ ጣሪያው ነዋ፣ ቲቸር።»

ክፍሉ በሙሉ ቀና አለ። እኔም ቀና አልኩ። ክፍላችን ኮርኒስ የለውም፤ ቆርቆሮው ራቁቱን ነው። ስምንት ዓመት እዚያ ጣሪያ ሥር አስተምሬያለሁ። ዝናብ ሲጥል ድምፁ አላናግር ብሎኝ ስንቴ ጠመኔዬን አስቀምጬ እንደተቀመጥኩ አልቆጥረውም። ቆርቆሮ ለምን ዝርግ እንዳልሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

አጠገባችሁ ማስመሪያ ካለ አሁኑኑ ሞክሩት። ጋደም አድርጋችሁ ብትጫኑት ይጎብጣል። በጎኑ አቁማችሁ ብትጫኑት ግን እምቢ ይላል። ማስመሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ነው። አንድ ጣውላ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን መጉበጥን የመቋቋም አቅሙ እጥፍ ይሆናል፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ግን ስምንት እጥፍ። ስለዚህ 2 ሳንቲ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ በጎኑ ሲቆም፣ ከተጋደመው 25 እጥፍ ለመጉበጥ ያስቸግራል። አናጢዎች ይሄን ያለ ፎርሙላ ያውቁታል። የወረቀቱ እጥፋትም ሆነ የቆርቆሮው ሞገድ ስስ ነገር ቁመት እንዲያገኝ የማድረጊያ ዘዴ ነው። የዕቃ ካርቶን ቀደድ አድርጋችሁ ብታዩም መሀሉ ላይ ያንኑ ሞገድ ታገኙታላችሁ።

ይሄን ለልጆቹ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ዝም ማለታቸው ለእኔ ብርቅ ነው። መልሱን የሰጠኋቸው ጥያቄው ካሠቃያቸው በኋላ ስለነበረ ይመስለኛል። «ለምን አልወደቀም?» ማለት ሳይንስ ነው፤ «በዚህች አንድ ወረቀት እንዴት አድርጌ እንዳይወድቅ ላድርገው?» ማለት ደግሞ ምህንድስና። እኛ ሁለቱንም ትተን ትርጉም እናስጽፋለን። ምህንድስና ሲባልም ሮቦትና ኮምፒውተር ብቻ ይታየናል፤ ወይም ወላጅ ስቴሽነሪ ሄዶ አሠርቶ የሚያመጣው «ፕሮጀክት»። የዚያ ፕሮጀክት ማርክ መሰጠት ያለበት ለስቴሽነሪው ባለቤት ነው።

ይሄን ሁሉ የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ቀላል ማሽኖች አስተማርኩ፤ ማንሻ፣ መዘውር፣ ተዳፋት፣ ጎማና ዘንግ። ትርጉማቸውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ ገለበጡ፣ ፈተንኳቸው። አንድ ልጅ ከአሥር ሦስት አመጣ። «ጎማና ዘንግ ምንድን ነው?» የሚለውን ባዶውን ነው የተወው። በዚያው ሳምንት እኔ እያስተማርኩ ዴስክ ሥር ሲያጎነብስ ያዝኩት። ከሽቦ የሠራትን መኪና እየጠገነ ነበር። ጎማዋ ቆርኪ ነው፣ ዘንጓ ሽቦ፤ መሪዋን ስታዞሯት የፊት ጎማዎቿ አብረው ይዞራሉ። ነጠቅኩት። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። ዓመቱ ሲያልቅ እሰጥሃለሁ አልኩት፤ ዓመቱ ሳያልቅ ቤተሰቡ ሰፈር ለቀቀ። ወዴት እንደሄዱ የነገረኝ የለም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር ተባለ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በወረቀት ድልድይ አላሳብብም። እኔ ግን ውጤቱ በወጣ ቀን ያሰብኩት ስለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አልነበረም። ያቺ መኪና ናት ትዝ ያለችኝ።

ድልድዩ ዋጋ አስከፍሎኛል። ማብራሪያውን ጨምሮ ሁለት ክፍለ ጊዜ ወሰደ፤ በዕቅዴ መሠረት መጨረስ የነበረብኝ ገጽ ላይ አልደረስኩም፤ ሰኔ ላይ ደግሞ ክልላዊ ፈተና አለ። «ፈተናው ላይ ድልድይ ይመጣል?» ብለው የጠየቁኝ አለቃዬ አልተሳሳቱም፤ አይመጣም። የሚመጣው ትርጉም ነው። ስለዚህ ስምምነት ገብቻለሁ፤ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ክፍለ ጊዜ የልጆቹ ነው፣ ቀሪው የመጽሐፉ። ለስልሳ ሦስት ልጅ ይሄም ያንሳል። ከዚህ በላይ ግን አልቻልኩም።

ማክሰኞ ዕለት ቁም ሳጥኑን ከፍቼ መኪናዋን ይዤ ገባሁ። አንዷ ቆርኪ ዝጋለች፣ መሪዋ ግን ይሠራል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «ጎማና ዘንጉን አሳዩኝ» አልኩ። ተሻሙባት። የድልድይዋ ልጅ ከኋላ ተነሥታ መጣችና መሪውን ቀስ አድርጋ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዞረችው።

«ማን ነው የሠራት፣ ቲቸር?»

«እዚሁ የተማረ የስድስተኛ ክፍል ልጅ።»

መኪናዋን ገልብጣ ሥሯን ትንሽ አየችው።

«ሳይንስ ስንት አመጣ?» አለችኝ።