«ዶክተር፣ ኒውክሌር አያሰጋም ወይ?»

አገራችን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ለኒውክሌር ማመንጫ ከሩሲያ ጋር ከተፈራረመች ወዲህ ቦሌ የማያቸው ታካሚዎቼ ይህን ይጠይቁኛል።

መልሴ፦ ወሳኙ ተቆጣጣሪው ነው። የ2011ዱን የፉኩሺማ አደጋ የመረመረው የጃፓን ፓርላማ ኮሚሽን፣ ተቆጣጣሪውና ኩባንያው ተሞዳሙደው ነበር ብሏል።

እኛ ጋ ቁጥጥሩ ከራጅ ክፍል ይጀምራል። ስትመረመሩ፦

✅ ማዕከሉ ከኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን የጨረራ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ።
✅ እርግዝና ከጠረጠራችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።
✅ የድሮ ፊልማችሁን ያዙ፤ የደረት ሲቲ ስካን ጨረራ ከደረት ራጅ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣልና ያለ ምክንያት አይደገምም።

ሐኪም ያዘዘውን ግን ፈርታችሁ አትተዉ!

ዛሬ «ፈቃዳችሁ የታለ?» ማለት ከለመድን፣ ነገ ማመንጫውንም እንጠይቃለን። ለወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉ 🙏