መጤ ዓሣን ከወንዝ ማውጣት ይቻላል? ለቦርከናስ የሚሻለው የቱ ነው?

እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው ሁላችንም እናውቃለን። ፈረምሲስንም ከሚሴ ዙሪያ ያለ ገበሬ ሳትጠይቁት ያወራላችኋል። ብዙም የማናወራበት ሌላ መጤ ግን አለ፦ ዓሣ። ውሃ ውስጥ ስለሆነ ዓይን አይገባም። ሲወጣም ምሳ ነው እንጂ ችግር አይመስለንም።

መጤ የሚባለው የቱ ነው?

መጤነት የሚለካው በቦታ ነው። ቆሮሶን (ቲላፒያን) እንይ። ቆሮሶ በአዋሽ ተፋሰስ ነባር ነው። ቦርከናም መጨረሻው አዋሽ ስለሆነ ለከሚሴ ሰው ቆሮሶ የአገሩ ዓሣ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሎጎ ሐይቅ ስትደርሱ ግን ያው ቆሮሶ እንግዳ ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ሰው ነው ያስገባው። ዛሬ የአካባቢው አሣ አጥማጆች እንጀራ ሆኗል። ተመራማሪዎች ደግሞ በሐይቁ ጥቃቅን ነፍሳት ላይ የታየውን ለውጥ ከእሱ መግባት ጋር አያይዘውታል። ታዲያ እሱን "አውጡት" ብሎ የሚደፍር ማን ነው?

ነገሩ ሁሌ እንዲህ ለስለስ ያለ አይደለም። ጫሞና ባሮ ላይ የራሳችን የሆነው ናይል ፐርች (ነጭ ዓሣ የምንለው) በ1950ዎቹና 60ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ የዓሣ ዝርያዎች ጠፉ ወይም ተመናመኑ። መጤ ዓሣ የነባሩን ምግብ ይሻማል፣ እንቁላሉንና ጫጩቱን ይበላል። እንደ ካርፕ ያለው ደግሞ ምግብ ፍለጋ የውሃውን ወለል እየቆፈረ ያደፈርሰዋል።

እሺ፣ እንዴት ይወጣል?

አንዱ መንገድ መረብ ነው። አሜሪካ የሎውስቶን ሐይቅ ውስጥ በ1994 አንድ መጤ የትራውት ዝርያ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ከ4 ሚሊዮን በላይ አውጥተዋል። እስካሁንም በየዓመቱ ያወጣሉ፣ አላለቀም!

ሁለተኛው መንገድ መርዝ ነው። ጥሩ ምሳሌው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ሴደርበርግ ተራሮች ያለው ሮንዴጋት ወንዝ። ለስፖርት ማጥመጃ ተብሎ ከአሜሪካ የመጣ ባስ የሚባል ዓሣ የወንዙን የታችኛውን ክፍል ወርሶ ትናንሾቹን ነባር ዓሦች ጨርሷቸው ነበር። ከፏፏቴው በላይ ግን መውጣት ስላልቻለ እዚያ ያሉት ነባሮች ተረፉ። በ2012 እና በ2013 ባለሙያዎች ከፏፏቴው በታች 4 ኪሎ ሜትር ያህሉን ሮቴኖን በሚባል ኬሚካል አከሙት። ሮቴኖን በዓሣው ስንጥብ ገብቶ ሰውነቱ ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርጋል። ከታች በኩል መርዙን የሚያከሽፍ ሌላ ኬሚካል ጨመሩ። ባሱ ተመልሶ እንዳይወጣም ግርጌው ላይ የውሃ ግድብ ነበር። ባሱ ጠፋ፣ ከላይ የተረፉት ነባሮችም ወርደው ቦታቸውን ያዙ።

ልብ በሉ! ሥራው የተሳካው ከላይ ፏፏቴ፣ ከታች ግድብ፣ መሃል ላይ አጭር ወንዝ ስለነበረ ነው።

"ብርብራ እኮ አለን" የምትሉ

ሮቴኖን ለእኛም አዲስ አይደለም። የብርብራ ፍሬ ውስጥ አለ። ጣና አካባቢ ፍሬውን ወቅጠው ውሃ ውስጥ በመበተን ዓሣ የሚይዙት ለዚህ ነው። ግን መርዙ መጤና ነባር አይለይም። ቢልጫውንም፣ አምባዛውንም፣ ጫጩቱንም አንድ ላይ ይፈጃል። በመርዝ ማጥመድ በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የተከለከለ ነው። ሮንዴጋት ላይ የተሠራው በልክ፣ በጥናትና በባለሙያ ነው። ሰፈር ውስጥ ተነስቶ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ወደ ቦርከና ስንመለስ

ቦርከና ከደሴ ከፍታዎች ተነስቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ በጨፋ ረግረግ ተንጣሎ፣ ከሚሴን ተሻግሮ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጨፋ ላይ ውሃው በቄጠማና በደንገል ውስጥ ይበታተናል። እዚያ መጤ ዓሣ አንዴ ከተራባ መረብም አያዳርሰውም፣ መርዝም አይሞከርም። በበጋ ከአፋር ጭምር የሚመጣ ከብት የሚጠጣው ውሃ ነዋ! ካርፕ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ እዚያው አዋሽ ላይ ቆቃ ሐይቅ ውስጥ ይራባል።

ስለዚህ ለቦርከና የሚያዋጣው ከማውጣት ይልቅ አለማስገባት ነው፦

👉 ከአንድ ውሃ የተያዘ ዓሣ በሕይወቱ ወስዳችሁ ሌላ ውሃ ውስጥ አትልቀቁ፤ ለጽድቅም ቢሆን።

👉 የዓሣ ኩሬ ለመጀመር ያሰባችሁ ወጣቶች፣ ሥራው ጥሩ ነው። ጫጩቱ ምን ዝርያ እንደሆነና ከየት እንደመጣ ግን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ኩሬውም ክረምት ላይ ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ ሞልቶ ከፈሰሰ ዓሣው ወንዝ ገባ ማለት ነው።

👉 ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ወደ ቦርከና የሚለቀቀው ቆሻሻም አብሮ ይነሳ። ነባሩ ዓሣ በቆሻሻ ከተዳከመ ቆሻሻ የሚችለው መጤ ቦታውን ይወርሳል።

አባቶቻችን "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ። የሎውስቶን ላይ ከ30 ዓመት በላይ እየተቃጠለ ያለውን ገንዘብ ስታስቡት፣ ቦርከና ገና በቅጠሉ ላይ ነው።