የእንጨት ውስጣዊ መዋቅርና የደረቅ ደን ዛፎች ድርቅን የመቋቋም ስልት

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች፣ በመተማና በአጎራባቾቹ፣ ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ከዚያ በኋላ አፈሩ ይደርቃል፤ የዕጣን ዛፍም (ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ) ቅጠሉን አራግፎ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ዕርቃኑን ይቆማል። ዛፉ የሚያብበውና ፍሬ የሚይዘው ግን በዚሁ በደረቁ ወቅት ነው። አበባና ፍሬ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ዛፉ በቆመበት ስስና ድንጋያማ አፈር ውስጥ ደግሞ በዚያን ጊዜ የሚገኘው ውሃ እጅግ አነስተኛ ነው። ውሃው ከየት ይመጣል? የመልሱ ዋነኛ ክፍል የሚገኘው በእንጨቱ መዋቅር ውስጥ ነው።

ውሃ በእንጨት ውስጥ የሚጓዝበት መንገድ

ከቅጠል ውሃ በተነነ ቁጥር በዛይለም ቧንቧዎች ውስጥ ያለው የውሃ ዓምድ ወደ ላይ ይሳባል። በመሆኑም በቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ ዘወትር በውጥረት ላይ ነው፤ አፈሩ እየደረቀ በሄደ መጠንም ውጥረቱ ይበረታል። ውጥረቱ ከተወሰነ ገደብ ሲያልፍ፣ ባዶ ከሆነ አጎራባች ቧንቧ አየር ሾልኮ ይገባና የውሃውን ዓምድ ይበጥሰዋል። ኢምቦሊዝም የሚባለው ይህ ክስተት ቧንቧውን ከአገልግሎት ውጪ ያደርገዋል። ክስተቱ ሲበዛ በመጀመሪያ ቅርንጫፎች፣ በመጨረሻም ዛፉ ራሱ ይደርቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 በኔቸር መጽሔት የወጣ በ226 የደን ዝርያዎች ላይ የተመሠረተ ትንተና፣ 70 በመቶ ያህሉ ለዚህ አደጋ በጣም በተጠጋ ሁኔታ ውስጥ እንደሚኖሩ አሳይቷል። ዝናብ በሚበዛበትም ሆነ በሚያንስበት ስፍራ የሚታየው ሁኔታ ተመሳሳይ ነው።

የቧንቧ ስፋት እዚህ ላይ ሁለት ገጽታ አለው። የአንድ ቧንቧ ዲያሜትር በእጥፍ ሲያድግ ውሃ የማስተላለፍ አቅሙ 16 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ሰፋፊ ቧንቧዎች አጭሩን ክረምት በሚገባ ለመጠቀም ያስችላሉ። በአንጻሩ ሰፊ ቧንቧ ከጎረቤቶቹ ጋር የሚገናኝበት ወለል ትልቅ በመሆኑ አየር የሚያሾልክ ደካማ ቦታ የመኖሩ ዕድል ይጨምራል። ይሁንና ይህ የማይጣስ ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ ዝርያዎችን ያነጻጸረ ጥናት በማስተላለፍ አቅምና በደኅንነት መካከል ያለው ተቃርኖ ደካማ መሆኑን አመልክቷል። የአየርን መሹለክ በቀጥታ የሚወስነው ከስፋቱ ይልቅ ቧንቧዎችን የሚያገናኙት ቀዳዳዎች ስስ ሽፋን ውፍረትና ጥራት ነው።

ሁለት የተለያዩ ስልቶች

በኢትዮጵያ ደረቅ ደኖች ውስጥ ሁለት ጫፍና ጫፍ የቆሙ ስልቶችን ለማየት ወይራንና የዕጣን ዛፍን ማነጻጸር ይጠቅማል። ሁለቱ የሚያድጉበት ከፍታ ይለያያል፤ ወይራ የደጋና የወይና ደጋ ደረቅ ደን ዛፍ ሲሆን የዕጣን ዛፍ የቆላ ነው። የሁለቱም ፈተና ግን ረዥም የበጋ ወቅት ነው።

ወይራ ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ ይዞ ይቆያል። እንጨቱ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ቧንቧዎቹ ጠባብና ብዙ፣ በመካከላቸው ያሉት ክሮችም ግድግዳቸው ወፍራም ነው። ይህ መዋቅር ከፍተኛ ውጥረትን ችሎ ውሃ ማስተላለፉን እንዲቀጥል ያስችለዋል። ዋጋው አዝጋሚ ዕድገት ነው።

የዕጣን ዛፍ ግን ውጥረቱን ከመቋቋም ይልቅ ይሸሸዋል። ቅጠሉን በማራገፍ የውሃ ብክነቱን ይገታል። እንጨቱ ቀላል ነው፤ የቤተሰቡ መለያ ከሆኑት መዋቅሮች አንዱ፣ በቀጫጭን ግድግዳዎች የተከፋፈሉና ሕያው ሆነው የሚቆዩ ክሮች፣ ስታርች ለማከማቸት ያገለግላሉ። እንዲህ ያለ እፍግታው አነስተኛ የሆነ እንጨት ውሃም በብዛት ይይዛል። ሮልፍ ቦርቸርት እ.ኤ.አ. በ1994 በኮስታ ሪካ ደረቅ ደን ላይ ባሳተመው ጥናት፣ እንጨታቸው ቀላል የሆኑ ዛፎች በግንዳቸው ባከማቹት ውሃ በበጋ ሊያብቡ እንደሚችሉ፣ እንጨታቸው ከባድ ሆኖ ደረቅ መሬት ላይ የቆሙት ግን በእጅጉ እንደሚደርቁ አሳይቷል። የዕጣን ዛፍ የበጋ አበባም ከዚህ ግኝት ጋር ይጣጣማል።

ጎተራው ሲደፈር

ዕጣን የሚሰበሰበው ዛፉ ቅጠል በሌለው ጊዜ፣ ቅርፊቱ በተደጋጋሚ እየተፋቀ ነው። ሙጫው የሚመነጨው በቅርፊቱ ውስጥ ካሉ ቦዮች ሲሆን፣ በዚያ ወቅት ዛፉ በቅጠሉ ብርሃን አስተፃምሮ ስለማያካሂድ ሙጫ ለማምረትም ሆነ ቁስሉን ለመድፈን የሚያውለው ካርቦን በአብዛኛው ቀድሞ ያከማቸው ነው። በጋውን የሚያሻግረው ስንቅና ለገበያ የሚውለው ሙጫ ከአንድ ጎተራ ይወጣሉ ማለት ነው። ችግኞች ደግሞ ይህን ያህል ግንድ ስለሌላቸው በየበጋው ከመሬት በላይ ያለው ክፍላቸው ይደርቃል፤ ለመትረፍ የሚተማመኑት በሥራቸው ላይ ነው። እሳትና ልቅ ግጦሽ ሲጨመሩበት የሚያድግ ወጣት ዛፍ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኔቸር ሰስቴነቢሊቲ የታተመ ጥናት ሁኔታው ካልተለወጠ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ያስጠነቀቀው አሮጌዎቹን የሚተኩ ወጣት ዛፎች በመጥፋታቸው ጭምር ነው።

ማጠቃለያ

ከባድ እንጨት የድርቅ መቋቋም፣ ቀላል እንጨት የድክመት ምልክት ተደርጎ መወሰዱ ስሕተት ነው። አንዱ ውጥረትን ይችላል፤ ሌላው ስንቅ ይዞ ይጠብቃል። ስለዚህ ለተራቆተ መሬት ዝርያ ሲመረጥ ከእንጨት እፍግታ ጋር ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት፣ የግንዱን ውሃ የመያዝ አቅምና የአፈሩን ጥልቀት አብሮ መመዘን ያስፈልጋል። በዕጣን ዛፍ ረገድም የፍቀቱ ብዛትና ለዛፉ የሚሰጠው የዕረፍት ዓመት ሲወሰን መለኪያው የሙጫው መጠን ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ዛፉ ለመጪው በጋ የሚያስቀረው ስንቅም ሊታሰብ ይገባል።