የመኪናዎን "ጭንቅላት" ከማስቀየርዎ በፊት

ሰሞኑን ከመካነ ብርሃን አንድ ባለመኪና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። "ላንድሮቨሬ ጎንደር ላይ አንበሳ ነው፤ ቡዋሂት አቀበት ላይ ሲደርስ ግን እንደ ታመመ በቅሎ ይለግምብኛል። ኮምፒውተሩን በተስተካከለ ቀይረው አሉኝ። ሁለት በሬ ልሸጥ ነው። ባለቤቴ ደግሞ በሬ ተሸጦ ሳጥን አይገዛም ብላ አኩርፋለች። ምን ትለኛለህ ወንድሜ?"

እኔ በዚህ ጉዳይ ከሴትዮዋ ጋር ነኝ።

በመጀመሪያ አንባቢዬ፣ መኪናዎ ለመሆኑ ኮምፒውተር አለው? አይሳቁ! በገጠር መንገድ የምናያቸው ባለ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የለሽ ላንድክሩዘሮች (ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ሞተር) ናፍጣቸውን የሚመጥንላቸው ተራ የብረት ፓምፕ ነው። ለእነሱ "ኮምፒውተሩን ላሳድግልህ" የሚል ሰው ከመጣ ኪስዎን ይያዙ። ከ1998 መጨረሻ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. በዲፌንደር ላይ የተገጠመው ባለ አምስት ሲሊንደሩ ቲዲ 5 ግን ከወንበር ሥር ሳጥን አለው። ናፍጣው መቼና ምን ያህል እንደሚረጭ፣ ቱርቦው ምን ያህል እንደሚነፋ የሚወስነው እሱ ነው። ፋብሪካው የሰጠው ጉልበት 122 ፈረስ ነው፤ አስተካካዮቹ 150 እናደርሰዋለን ይላሉ። ውሸት አይደለም፣ ይቻላል። ግን የት?

ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ቡዋሂትን የሚሻገረው መንገድ 4,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ቢሆን ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል። ቱርቦ ያለው ደግሞ ያንኑ አየር ለመሰብሰብ ከወትሮው በላይ መሽከርከር አለበት። የቲዲ 5 ሳጥን የውጪውን አየር የሚለካ ሴንሰር ስላለው ይህን ያውቃል፤ ቱርቦው ከልክ በላይ ዞሮ እንዳይበታተን ሆን ብሎ ይቀንሳል። ስለዚህ የልግሙ ከፊሉ ጥበቃ ነው! ቆላ አገር ተሞክሮ የተሸጠ ሳጥን ይህን ልጓም ፈትቶት ከሆነ ናፍጣው በዝቶ አየሩ ያንሳል። ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ሙቀቱ ያሻቅባል፣ ሲብስም ፒስተን ይቀልጣል። ጨነቅ ላይ ፒስተን የቀለጠበት ሰው የቦታው ስም ያን ቀን ይገባዋል።

ለጠያቂዬ ያልኩት ይህን ነው፤ በሬውን ተውና መጀመሪያ የሳጥኑን ቀይ ሶኬት ንቀልና እይ። የቲዲ 5 የታወቀ በሽታ አለው። ከሞተሩ ክዳን ሥር ያለው የኢንጀክተር ገመድ ሲያረጅ ዘይት በሽቦው ውስጥ ለውስጥ እየሳበ እስከ ሳጥኑ ይደርሳል። ያኔ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ጉልበት ያጣል፤ ሰውም ኮምፒውተሩ ሞተ ይላል። መድኃኒቱ ገመዱን መቀየርና ሶኬቱን ማጽዳት ነው። ቀጥሎ የአየር መለኪያውን ሶኬት ነቅለህ ንዳው፤ ከተሻለው በሽተኛው እሱ ነው። የቱርቦው ጎማ ቱቦ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁንና ፊልትሮዎቹንም እይ፤ የዚያ አገር አቧራ መቼም ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ "አይ፣ እኔ ሳጥኑን እፈልጋለሁ" ለሚል አልከለክልም። ነገር ግን ሻጩን የደጋውን ልጓም ነክተኸዋል ወይ ብለው ይጠይቁት። ባትሪ ሳይነቀል ሳጥን አይነቀልም። አዲሱ ሳጥን ከመኪናው የሌባ መከላከያ ጋር ካልተዋወቀ ሞተሩ አይነሳም፤ የኢንጀክተሮቹ ኮድም ሊገባለት ይገባል። ስለዚህ የምርመራ መሣሪያ የሌለው ጋራዥ አይሞክረው። ያረጀ ፍሪሲዮን የተጨመረውን ጉልበት አይችልም፣ ይንሸራተታል። ፍሬኑ ደግሞ ያው የድሮው ነው፤ ሰው ጭነው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሳጥኑ አያቆምልዎትም። አሮጌውን ሳጥን አይሽጡ፤ በጨርቅ ጠቅልለው ከወንበር ሥር ያስቀምጡት። አዲሱ መንገድ ላይ ቢከዳ መልሰው ይሰኩታል።

ሰውየው ቀዩን ሶኬት አስከፈተ። ዘይት በዘይት ነበር። አሁን ገመዱን እያፈላለገ ነው። በሬዎቹ አልተሸጡም፤ ባለቤቱ ግን ገና ኩርፊያዋ አልበረደም።