ለቅሶ ላይ የማይቀመጠው ባለቤቴ

ጎረቤቶቼ «ባልሽ ኮርቷል» ይሉኛል። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ካለ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተነሥቶ ይወጣል። እንደ ፉሪ ባለ ሰው በዕድር በሚተሳሰብበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዲት እናት ተቆርቁረው «ልጄ፣ ምከሪው እንጂ፤ ሰው እያዘነበት ነው» ብለውኛል።

ባለቤቴ ግንበኛ ነው። እዚሁ ሰፈር ፎቅ ሲሠሩ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ቁስሉ ጠገገ። ይራመዳል፣ ይናገራል፤ ላየው ሰው ጤነኛ ነው። «ተመስገን፣ ዳነ» ተባለ። ከዚያ ወዲያ የመጣውን አብረን እየኖርን ነው ያወቅነው።

የለቅሶው ድንኳን ነገር እንዲህ ነው። ጤነኛ አንጎል ብዙ ሰው በሚያወራበት መሐል የሚፈልገውን ድምፅ መርጦ ይሰማል፤ የተጎዳ ግን ይህን መለየት ሊያቅተው ይችላል። የብርጭቆው ኳኳታ፣ የሕፃኑ ልቅሶ፣ የካርታ ተጫዋቾቹ ጫጫታ እኩል ይገቡበታል። ራሱን ያመዋል፤ ከቆየም ይቆጣል። ድካሙ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶም አይለቀውም። እሱን ኩራተኛ ማለት ያንገበግበኛል።

ቡና ስቆላ ሽታው አይደርሰውም። የማሽተት ነርቮች ከአፍንጫ በላይ ባለ፣ እንደ ወንፊት በተበሳሳ ስስ አጥንት የሚያልፉ ክሮች ናቸው። ጭንቅላት በኃይል ሲመታ አንጎል ይናወጥና ክሮቹ ሊበጠሱ ይችላሉ። የምግብ ጣዕምም አብሮ ይደበዝዛል። ሽሮው ቢያር አያውቅም። የቡናው ያሳዝነኛል፤ የሚያስፈራኝ ግን ቡታጋዙ ነው፤ ቢያፈስ አይሸተውም። ስለዚህ ሲሊንደሩን ሁልጊዜ የምዘጋው እኔ ነኝ።

«ውሃ መጥቷል» ስለው «እሺ» ይላል፤ አይነሣም። ስንፍና ይመስላል። ከግንባር በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ግን ሰው ሥራውን እየፈለገው መጀመር ሊያቅተው ይችላል። «ጀሪካኑን ያዝ» ካልኩት ብድግ ይላል።

ይህ የአንጎል ክፍል ጠባይን ጭምር እንደሚገዛ ካሳዩት ታሪኮች ዝነኛው የአሜሪካዊው የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ የፊኒያስ ጌጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ቬርሞንት ውስጥ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ፈንድቶ፣ ከአንድ ሜትር የሚረዝም ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ተረፈ። ሐኪሙ ጆን ሃርሎው ጠባዩ መለወጡን ጻፈ፤ ሰውም ይህንኑ ብቻ ያወራል። እኔን የሚያጽናናኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የመንገደኞች ሠረገላ ነድቷል። በየቀኑ የሚደጋገመው ሥራ ረድቶት ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። የእኔም ባል ሰዓቱ በታወቀ፣ ባልተለወጠ ሥራ ላይ ሌላ ሰው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ከተጎዱት አንዳንዶቹን ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚጥል በሽታ ሊጀምራቸው ይችላል። በሽታው ሲጥላቸው ክብሪት ማስሸተት አይረዳም። በጎን ማስተኛት፣ አፍ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ፈጥኖ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

የለቅሶውን ጉዳይ ለዕድሩ ዳኛ አስረዳናቸው። አሁን ጧት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ድንኳን ከሚተክሉት አንዱ ባለቤቴ ነው። ቀብርም ይሸኛል። መቀመጡ ቀርቶለታል።