ጎረቤት ለሌለው ማን ይመስክርለት?
በካፋ ምድር፣ በቦንጋም ሆነ በዋጫ፣ በሱቅ በረንዳ ማዳበሪያ አንጥፎ የሚያድር ነዳይ ምጽዋቱን ከቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ወይም ከመስጊድ በር ማንነቱን ሳይጠየቅ ይቀበላል፤ የመንግሥት ርዳታ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። በ1997 ዓ.ም. በገጠር ተጀምሮ በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተተከለው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር፣ ጉልበት ያለውን በሥራ፣ አቅመ ደካማውን ያለ ሥራ እየደገፈ፣ ድኻውን የሚለየው በሰፈር ኮሚቴ ምስክርነት ሲሆን፣ የተመረጡት ስማቸው በአደባባይ ይለጠፋል፤ ቅር የተሰኘም አቤት ይላል። ሐሰትን ለመግታት መልካም ጥበብ ነው፤ ኮሚቴው ለዘመዱ ካላደላ ማለቴ ነው። በረንዳ አዳሪው ግን ጎረቤትም፣ የቀበሌ መታወቂያ የሚያወጣበት የቤት ቁጥርም የለውምና፣ ከዋሾው ይልቅ እውነተኛው ችግረኛ ከመዝገብ ሲቀር ርትዕ ይበልጥ የሚጎድል ይመስለኛል። የከተማው መርሐ ግብርም ለጎዳና ተዳዳሪዎች የተለየ ክፍል አበጅቷል።